ለ.223 የትኛው ባሩድ? ፍጥነቱን ተወውና ሙቀቱን አስብ

ጥያቄው የመጣው ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? ዓምና ቦልት አክሽን .223 ሬሚንግተን ጠመንጃ ገዛሁ። ባረሉ 24 ኢንች ነው፤ የውስጡ ጠመዝማዛ በ9 ኢንች አንድ ዙር ይዞራል። ምሥራቅ ኮሎራዶ ውስጥ ከብት የሚያረባ ሰውዬ መሬቱ ላይ ፕሬሪ ዶግ የሚሉትን ጉድጓድ ቆፋሪ፣ አይጥ መሰል እንስሳ እንድንመታለት ፈቅዶልናል። የፋብሪካ ጥይት ኪሴን ስላራቆተው ራሴ መሙላት ልጀምር ነው። ፕሬሱን፣ ሚዛኑን፣ ቀለህ የሚቀርጸውን ዳዩን ገዝቻለሁ። የቀረኝ ባሩዱ ነው። ጓደኛዬ ቫርጌት ይላል። ባለ ሱቁ ኤች 335 ይላል። ሌላው ደግሞ ሲኤፍኢ 223 ግዛ፣ ስሙ ራሱ ይናገራል ይላል። መደርደሪያው ላይ አርባ ዓይነት ቆሟል። ምርጡ የትኛው ነው? ወደፊት .22-250 ጠመንጃም ልጨምር ስለምችል ለሁለቱም የሚሆን ቢሆን ደስ ይለኛል።»

ወንድሜ፣ ሦስቱም አልዋሹህም። ሦስቱም ባሩዶች በ.223 ይሠራሉ። ግን «ምርጡ የትኛው ነው» ብለህ ስትጠይቅ ሰው ሁሉ የሚነግርህ የራሱን ጠመንጃ፣ የራሱን አየርና የራሱን ልማድ ነው። እኔም ከዚህ አላመልጥም። ለምን እንደመረጥኩ ስለምነግርህ ግን አንተው ትመዝነዋለህ።

መልሱን ላስቀድም። ለ.223 ብቻ ቢሆን ኖሮ ከ50 እስከ 55 ግሬን ለሚመዝን አረር ቤንችማርክ ወይም አይ ኤም አር 8208 ኤክስ ቢ አር እልህ ነበር። .22-250 ስላነሳህብኝ ግን ኤች 4895 ግዛ። እሱ ከጠፋ ቫርጌት። ኤች 335ንም ሲኤፍኢ 223ንም አልጠላቸውም። አንተ ላሰብከው አደን ግን አልመርጣቸውም።

አሁን ወደ ምክንያቱ። መጀመሪያ ቃላት እንስማማ፤ የእኛ ሰው ጥይት ሲል አንዳንዴ ሙሉውን፣ አንዳንዴ የሚወጣውን ብቻ ነው። እኔ ቀለህ ስል የነሐሱን ዕቃ ነው። አረር የምለው በአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደውን ነው። ፕራይመር ቀለሁ ቂጥ ላይ የምትቀመጠው፣ መርፌው ሲመታት ብልጭ የምትለው ናት። ጥይት የምለው እነዚህ ከባሩዱ ጋር ተገጣጥመው ሲያልቁ ነው። ግሬን ደግሞ የክብደት መለኪያ ነው። 7,000 ግሬን አንድ ፓውንድ ይሆናል። የባሩዱ ፍሬ ማለት አይደለም። «25 ግሬን» ሲባል 25 ፍሬ የቆጠረ ጀማሪ አጋጥሞኛል፤ ደግነቱ ከመተኮሱ በፊት ጠየቀኝ።

ባሩድ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወደ አያቶቻችን ጠመንጃ ይሄዳል። ወደ ውጅግራ። የፈረንሳዮቹ 1874 ሞዴል ግራ ጠመንጃ ነው፤ ስሙን በአፋችን አሳምረነው ነው ውጅግራ የሆነው። በጥቁር ባሩድ ነበር የሚሠራው። አንድ ጊዜ ሲተኮስ ጭሱ የተኳሹን ዓይን ይጋርዳል፣ ያለበትንም ቦታ ያጋልጣል። ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ኬሚስት በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሲያወጣ ዓለም ተለወጠ። አንተ ዛሬ ከሱቅ የምትገዛው የዚያ የልጅ ልጅ ነው። መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ነው። አንዳንዱ ናይትሮግሊሰሪን ተጨምሮበታል። ሁለተኛው ዓይነት በዛ ያለ ጉልበት ይሰጣል፤ የባሩድ ማፍሰሻህን (ባሩዱን ለክቶ ቀለሁ ውስጥ የሚያወርደውን ዕቃ) የፕላስቲክ ቱቦ ግን ቀስ እያለ ይበላዋል። ስለዚህ ሥራ ስትጨርስ ባሩዱን ቱቦው ውስጥ አታሳድር።

ጭስ አልባው ባሩድ በአደባባይ ሲለኮስ እንደ ወረቀት ይነድዳል። ታፍኖ ሲለኮስ ግን ግፊቱ በጨመረ ቁጥር ንዳዱም ይፈጥናል። ጨዋታው ሁሉ እዚህ ላይ ነው። የ.223 የግፊት ጣሪያ 55,000 ፒኤስአይ (ፓውንድ በስኩዌር ኢንች) ነው። የመኪናህ ጎማ 35 ገደማ ነው። ከፊትህ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አስበው።

ታዲያ ለምን አርባ ዓይነት አስፈለገ? እሳት ያነደደ ሰው ያውቀዋል። ጭድ ቦግ ብሎ ያልቃል፤ ግንድ ቀስ ብሎ ይያያዝና ይቆያል። ባሩድም እንዲሁ ፈጣንና ዝግተኛ አለው። ትንሽ ቀለህና ቀላል አረር ወደ ጭዱ የሚያደላ ይፈልጋል። ትልቅ ቀለህና ከባድ አረር ወደ ግንዱ። .22 ሆርኔት ትንሽዬ ናት፤ እንደ ሊል ጋን ያለውን ፈጣን ትወዳለች። .223 መካከል ላይ ነው። .22-250 በዚያው በ.224 ኢንች ቀዳዳ ውስጥ እጅግ የበዛ ባሩድ ስለሚያነድድ ዘግየት ያለውን ይመርጣል።

ባሩዶችን ከፈጣኑ ወደ ዝግተኛው የሚደረድር ሰንጠረዥ ታገኛለህ። ሰፈሩን ለማወቅ ጥሩ ነው፤ ልክ፣ ማለትም ስንት ግሬን ባሩድ እንደሚገባ፣ ለመውሰድ ግን ፈጽሞ። ሁለት ባሩዶች ጎን ለጎን ስለተጻፉ አንዱ በሌላው ልክ ይተካል ማለት አይደለም። ስማቸው እንኳን ያሳስታል። ኤች 4895 እና አይ ኤም አር 4895 በቁጥር አንድ ናቸው። ልካቸው አንድ አይደለም። ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ፊደሉንም ጮክ ብለህ አንብብ። እኔ እስካሁን ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ባለቤቴ ጸሎት ነው የምትለው።

አሁን ወደ መምረጡ። የመጀመሪያው መመዘኛዬ መጠን ነው። ባሩዱ ቀለሁን ይሞላዋል ወይ? በትክክለኛው ልክ ላይ ቀለሁ እስከ ትከሻው ወይም ከዚያ በላይ ከሞላ ሁለት ነገር ታተርፋለህ። አንደኛ፣ ባሩዱ ወዲያ ወዲህ ስለማይንቀሳቀስ ፕራይመሩ በየጊዜው በአንድ ዓይነት ይለኩሰዋል። ሁለተኛውን ይበልጥ እወደዋለሁ። ተሳስተህ አንዱን ቀለህ ሁለት ጊዜ ብትሞላው ጠረጴዛው ላይ ይፈስስና ይነግርሃል። በፈጣን የሽጉጥ ባሩድ ይህ ማስጠንቀቂያ የለም። እጥፉ ገብቶ ዝም ይላል። ለዚህ ነው የሽጉጥ ባሩድና የጠመንጃ ባሩድ እኔ ቤት አንድ ጠረጴዛ ላይ ተያይተው የማያውቁት።

ሁለተኛው መመዘኛ ሙቀት ነው። እዚህ ላይ ረዘም ልበል።

የፕሬሪ ዶግ አደን እንደ አጋዘን አደን አይደለም። ለአጋዘን በዓመት አንድ ወይ ሁለት ጥይት ትተኩሳለህ፤ ብርድ ነው፣ ባረሉም ቀዝቃዛ ነው። አንተ ግን ሐምሌ ላይ ጥላ በሌለበት ሜዳ ትቀመጣለህ። ከሰዓት በፊት መቶ ጥይት ልትጨርስ ትችላለህ። ፀሐዩ ጥይቱን ያሞቀዋል። ባረሉም የሚተኮሰውን ጥይት ያሞቀዋል። የሞቀ ባሩድ ፈጥኖ ይነድዳል፤ ፈጥኖ የነደደ ግፊቱ ከፍ ይላል። ልዩነቱ ከባሩድ ባሩድ ይለያያል።

እኔ የተማርኩት ዋዮሚንግ ውስጥ ነው። ልኩን ያገኘሁት መጋቢት ላይ ነበር፤ ጃኬት ለብሼ። የባሩድ ልክ የሚያወጣው መጽሐፍ የፈቀደው ጣሪያ ላይ ደርሼ ነበር፤ ሁሉም ነገር ሰላም። ሐምሌ ላይ ያንኑ ጥይት ይዤ ሄድኩ። ጠዋት ቦልቱ፣ በእጅ የሚከፈተው መዝጊያ፣ እንደ ቅቤ ነበር የሚከፈተው። ምሳ ስንበላ ሣጥኑን የመኪናው ዳሽቦርድ ላይ ረሳሁት። ተመልሼ የመጀመሪያዋን ስተኩስ ቦልቱ አልነሣ አለ። በመዳፌ ስር መታሁት፤ ተከፈተ። ቀለሁን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት። የፕራይመሩ ጠርዝ ድቡልቡልነቱ ጠፍቶ ባቡር እንደሄደበት ሳንቲም ተዘርግቷል። ቂጡ ላይ ካለው ጽሑፍ አጠገብ ደግሞ የኢጀክተሩን (ቀለሁን የሚያስወነጭፈውን) ቀዳዳ የምታክል፣ የምታብለጨልጭ ክብ ምልክት ወጥታለች። ነሐሱ ተገፍቶ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ባሩዱ ያው፣ ልኩ ያው፣ አረሩ ያው። የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። የቀሩትን 60 ጥይቶች ቤት ወስጄ አንድ በአንድ በመዶሻ ፈታኋቸው። ለዚህ ሥራ የተሠራ የፕላስቲክ መዶሻ አለ፤ ግዛ፣ ያስፈልግሃል።

ጥፋቱ የእኔ እንጂ የባሩዱ አልነበረም። ያን ቀን ግን ለሞቃት ቀን አደን ምን እንደምፈልግ አወቅሁ። በሰከንድ 100 ጫማ የሚጨምርልኝን አይደለም። ጠዋትም ከሰዓትም ያው የሆነውን ነው።

ደግሞስ ያ 100 ጫማ ምን ያደርግልሃል? በ200 ያርድ ላይ ባስተካከልከው .223፣ 55 ግሬን አረር በ300 ያርድ ላይ ከመውረድ የሚያተርፈው ከ1 ኢንች በታች ነው። የምሥራቅ ኮሎራዶ ነፋስ በአንድ ማዞሪያ የዚያን ብዙ እጥፍ ይወስድብሃል። በጣሪያው ላይ ተንጠልጥለህ የምታገኘው ነገር የለም።

ቫርጌት፣ ኤች 4895፣ ቤንችማርክና ኤች 322 ሆጅደን የተባለው የባሩድ ድርጅት «ኤክስትሪም» ብሎ ከሚሸጣቸው መካከል ናቸው፤ የሚሠሩት አውስትራሊያ ነው፤ ዋና መታወቂያቸው ሙቀትና ብርድ ብዙም የማይነካቸው መሆኑ ነው። 8208ም በዚህ ጠባዩ የተመሰገነ ነው። ብዙም ማለት ጭራሽ ማለት አይደለም። በእነዚህም ቢሆን ሣጥኑን ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። በጋለ ባረል ውስጥም ጥይት አጉርሰህ «እስቲ ብቅ ይበል» እያልክ አትጠብቅ። እዚያው ይጋገርልሃል። ኢላማህን ካየህ በኋላ አጉርስ።

ሦስተኛው መመዘኛ አፈሳሰሱ ነው። የባሩዱን ጣሳ ከፍተህ መዳፍህ ላይ ትንሽ አፍስስ። ኤች 335፣ ሲኤፍኢ 223፣ ራምሾት ታክ የመሳሰሉት ድብልብል ናቸው። ጤፍ ነው የሚመስሉት። ቫርጌትና 4895 ደግሞ ደቅቆ የተቆራረጠ ስንደዶ ይመስላሉ። እኔ ቤት ስማቸው ይኸው ነው፤ ጤፉና ስንደዶው።

ጤፉ በማፍሰሻው ውስጥ እንደ ውኃ ይወርዳል። አሥር ጊዜ አፍስሰህ ብትመዝነው ከአንድ አሥረኛ ግሬን በላይ አይስትም። ስንደዶው ግን አንዳንዴ እጀታውን ስታዞር ቀጭ ይላል። አንዱን ፍሬ ከመካከሉ ቆረጥከው ማለት ነው። ያኔ ሁለት ሦስት አሥረኛ ግሬን ሊስት ይችላል። ብዙ ሰው ጤፉን የሚመርጠው ለዚህ ነው፤ በአንድ ቀን 500 ጥይት ለሚሞላ ሰው እውነት አለው። ቤንችማርክና 8208 መሐል ላይ ናቸው። ስንደዶ ናቸው፣ ግን እጅግ ደቅቀው የተቆረጡ። እኔ የወደድኳቸውም ለዚህ ነው። ኤች 4895ም አጭር ስለሆነ አያስቸግርም።

ስንደዶው ቀጭ ሲልብህ አትናደድ፣ እጀታውንም በኃይል አትጫን። ያንን ልክ ወደ ማፍሰሻው መልሰውና እንደገና አውርድ። እጅህ በአንድ ዓይነት ኃይል፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ይንቀሳቀስ። መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱን መዝን። እጅህ ሲለምድ በየአሥሩ አንዱን።

አሁን ስለ ሦስቱ ሰዎችህ ላጫውትህ።

ባለ ሱቁ ኤች 335 ያለህ ያለ ምክንያት አይደለም። ዘሩ ከአሜሪካ ጦር 5.56 ጥይት ባሩድ ነው፤ .223ን እንደ እጁ ያውቀዋል። ርካሽ ነው፣ ይፈሳል። ሙቀት ግን ይሰማዋል። ድብልብሎቹ በጠቅላላ በመከላከያ ቅብ የተለበጡ ስለሆኑ ለመለኮስም ትንሽ ያስቸግራሉ። በተለይ ጥር ላይ ተኩላ መሰሉን ኮዮቴ ለማደን ስትወጣ ብርቱ ፕራይመር ሊፈልጉ ይችላሉ። ፕራይመር ስትቀይር ደግሞ ልኩ እንደ አዲስ ከታች ይጀመራል። በትንሽ ለውጥም ግፊቱ ሊዘልል ይችላል።

ሲኤፍኢ 223 ስሙ ውስጥ 223 ስላለ ለ.223 ብቻ የተሠራ አይምሰልህ። ሲኤፍኢ የሚለው አረሩ ባረሉ ውስጥ ትቶት የሚሄደውን መዳብ የሚያስለቅቅ ነገር ተጨምሮበታል ለማለት ነው። እውነትም ያቀልላል። ፍጥነትም አይሰስትም። ለመካከለኛ አየርና ለሰነፍ ጽዳት ጥሩ ነው። ስንፍናውን እኔም አልጠላውም። ለሐምሌ ሜዳ ግን አይደለም።

ጓደኛህ ቫርጌት ያለው ደግሞ ምናልባት እሱ ከበድ ያለ አረር ስለሚተኩስ ነው። ከ62 ግሬን እስከ 77 ግሬን ባለው ላይ ቫርጌት ንጉሥ ነው። በ50ና 55 ላይ ለ.223 ትንሽ ይዘገያል። ቀለሁ ጢም ብሎ ይሞላና አረሩን ስትጭን ከሥር ክርችችች የሚል ድምፅ ትሰማለህ። ባሩዱ እየተጠቀጠቀ ነው። መጽሐፉ ያንን ልክ የታመቀ ብሎ ምልክት ካደረገበት አይጎዳም። አልወደውም እንጂ።

ስለዚህ ኤች 4895። ከቫርጌት ትንሽ ፈጠን ይላል፤ ለ55 ግሬን ይስማማል፤ .22-250 ውስጥም በደንብ ይሠራል። ታሪኩም ደስ ይላል። ብሩስ ሆጅደን የሚባል የካንሳስ ሰው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከጦሩ የተረፈውን 4895 ባሩድ በርካሽ ገዝቶ እንደኛ ላሉ ቤት ለሚሞሉ ሰዎች መሸጥ ጀመረ። የዛሬው ትልቅ ድርጅት የተነሣው ከዚያ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። ብዙ ባሩድ ከመነሻው ልክ በታች ሲቀነስ አደገኛ ይሆናል፤ ዝግተኞቹ በተለይ። ኤች 4895 ግን ሆጅደን ራሱ እስከ ከፍተኛው ልክ 60 በመቶ ድረስ መቀነስ ይቻላል ብሎ ያወጣለት ነው። ልጅህ አድጎ መተኮስ ሲማር ረጋ ያለ ጥይት ትሠራለታለህ። ይህ ፈቃድ ለኤች 4895 ብቻ ነው። ለአይ ኤም አሩ ወንድሙ አይደለም።

.22-250 ስትገዛ ሰዎች ኤች 380 ይሉሃል። ስሙ የመጣው ከራሱ ከብሩስ ሆጅደን ነው። ስም ያልወጣለትን ባሩድ 38.0 ግሬን አድርጎ ከ52 ግሬን አረር ጋር ሲተኩስ ጥይቶቹ አንድ ቀዳዳ ውስጥ ገቡለት ይባላል፤ ባሩዱንም 380 ብሎ ጠራው። ጨዋታ ነው፤ ልክ ብለህ እንዳትወስደው። የዚያን ጊዜ ባሩድ፣ ቀለህና ጠመንጃ የዛሬው አይደለም። .22-250 ራሱ ለረጅም ጊዜ ሰዎች በየቤታቸው ከ.250 ሳቬጅ ቀለህ አጥብበው የሚሠሩት ነበር፤ ሬሚንግተን በፋብሪካ ያወጣው በ1965 ነው። ጣሪያውም 65,000 ፒኤስአይ ነው፤ ከ.223 10,000 ይበልጣል። ስለዚህ አንዱን ባሩድ ለሁለቱም ትጠቀማለህ፤ ልኩን ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አታሻግርም። የሁለቱን ቀለህ አንድ ቀን አብረህ አትሙላ። እኔ የ.22-250 ቀን ሲሆን የ.223 ዳዩ ጓዳ ነው።

ልኩስ ስንት ነው ትለኛለህ። አልነግርህም። ስስት አይደለም። የእኔ ባረል፣ የእኔ ቀለህ፣ የእኔ ፕራይመር ካንተ ጋር አንድ አይደለም። ባሩዱን የሠራው ድርጅት ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጦልሃል፤ አረሩን የሠራውም መጽሐፍ አለው። ሁለቱንም አይተህ ዝቅተኛውን መነሻ ውሰድ። መጽሐፉ ላይ መነሻና ጣሪያ አለ። ከመነሻው ጀምረህ በሦስት አሥረኛ ግሬን ከፍ እያደረግህ አምስት አምስት ሙላ። እያንዳንዱን አምስት በየፕላስቲኩ አድርገህ ልኩን ጻፍበት። «አስታውሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

የፍጥነት መለኪያ ካለህ ከጠመንጃው እኩል አክብረው። ብዙ ሰው ፕራይመር እያየ ግፊት ያነባል። እኔም ከላይ ያደረግሁት ይኸው ነው፤ ግን ያየሁት ከረፈደ በኋላ ነው። ፕራይመር ከመዘርጋቱና ቦልት ከመጠንከሩ በፊት ግፊቱ ከጣሪያው ብዙ አልፎ ሊሆን ይችላል። ፍጥነት ግን ቀደም ብሎ ያወራል። የባረልህ ርዝመት መጽሐፉ ከሞከረበት ጋር እኩል ሆኖ፣ ፍጥነትህ የመጽሐፉን ከፍተኛ ካለፈ፣ ግፊትህም አልፏል። ነፃ ፍጥነት የለም። ሲያልፍ አቁም፣ ተመለስ። የመታሃቸው ቀዳዳዎች በአንድ ሳንቲም ውስጥ ቢገቡም ተመለስ።

ያንተ ባረል በ9 ኢንች አንድ ዙር ነው ብለሃል። ጥሩ ነው። ስስ ሽፋን ያላቸው ቀላል የቫርሚንት (የትንንሽ ጎጂ እንስሳት አደን) አረሮች በ7 ኢንች በሚዞር ባረል በከፍተኛ ፍጥነት ሲወጡ ከመሽከርከሩ ብዛት አየር ላይ የሚበተኑበት ጊዜ አለ። ዒላማው ላይ ግራጫ ጭረት ብቻ ታያለህ። አንተን ይህ ብዙም አያሳስብህም።

ስለ እርሳስም አንድ ነገር። ሜዳው ላይ ጥለኸው የምትሄደውን ፕሬሪ ዶግ ጭልፊትና ንስር ይበላዋል፤ በውስጡ የቀረው የእርሳስ ቅንጣት ወፉን ይመርዘዋል። እርሳስ የሌለበት አረር አለ። ቢበዛ ጥቂት ብር ይጨምርብሃል፤ እዚህ ብር ስል ዶላር ማለቴ ነው። ግን በክብደቱ ልክ ረዘም ይላል፤ ረዘም ሲል ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ የባሩዱን ቦታ ይወስዳል። ስለዚህ የራሱ ልክ አለው። «40 ግሬን 40 ግሬን ነው» ብለህ የእርሳሱን ልክ አትስጠው። በዚያው ላይ የምትመታው ፕሬሪ ዶግ የቱ ዓይነት እንደሆነ እወቅ። ኮሎራዶ ውስጥ ሦስት ዓይነት አለ፤ የመንግሥት መሬት ላይ ደግሞ ወቅትና ደንብ አለው። ጎረቤት ዩታ ያለው ዩታ ፕሬሪ ዶግ በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ነው።

ስለ ቤትህ። ባሩድ ከመጣበት ዕቃ አይወጣም። በጁስ ጠርሙስ፣ በቡና ጣሳ የሚባል ነገር የለም። ጠረጴዛው ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ይሁን፤ ሥራ ስትጨርስ ማፍሰሻውን ወደዚያው ዕቃ ገልብጥ። ማፍሰሻው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ከተጠራጠርክ ወደየትኛውም አትመልሰው። ግቢህ ሣር ላይ ስስ አድርገህ በትነው፤ ናይትሮጅን ስላለው ሣሩ አይጠላውም። ወለል ላይ የፈሰሰውን በመጥረጊያ ጥረግ፤ በቤት ቫኪዩም እንዳትሞክረው፣ ሞተሩ ብልጭታ አለው። የአሜሪካ የእሳት መከላከያ ደንብ በመኖሪያ ቤት እስከ 20 ፓውንድ በራሱ ዕቃ ማስቀመጥን ይፈቅዳል፤ የከተማህ ደንብ ከዚያ ሊጠብቅ ስለሚችል እየው። ጣሳውን ስትከፍት ሽታው የሚያቃጥል፣ ጎምዛዛ ከሆነ፣ ወይም ቀይ አቧራ ካየህ ባሩዱ ተበላሽቷል።

ለራስህ መሙላት እዚህ የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም። ሞልቶ መሸጥ ግን ይጠይቃል። የሐበሻ ነገር ነውና ገና አንድ ሣጥን ሳትጨርስ «ለእኔም ሙላልኝ፣ እከፍልሃለሁ» የሚል ይመጣል። አይሆንም በለው። ሕጉ ብቻ አይደለም፤ የእሱን ጠመንጃ አታውቀውም።

አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ የጻፍኩት ለአሜሪካ ሕግና ለአሜሪካ ገበያ ነው። ዱሮ የተተኮሰ ቀለህ እየተለቀመ ይሞላ ነበር፤ ጥይትም እንደ አሞሌ ገንዘብ ሆኖ ተገበያይቷል። ዛሬ ግን የመሣሪያና የጥይት ነገር በአገራችን በፈቃድ ነው።

ስትገዛ ባለ ስምንት ፓውንዱን አትሸከም፤ ርካሽ ቢመስልም። መጀመሪያ አንድ ፓውንድ። በአንድ ጥይት 25 ግሬን ገደማ ቢገባ 280 ጥይት ይወጣዋል። ጠመንጃህ ይወደው አይወደው ለማወቅ ይበቃል። ከወደደው ተመለስና ትልቁን ግዛ። ጣሳው ላይ የሎት ቁጥር፣ ባሩዱ የተመረተበትን ዙር የሚለይ፣ አለ። አዲሱ ከድሮው ከተለየ ልኩን ዝቅ አድርገህ እንደገና ውጣው፤ ያው ስም ቢሆንም ትንሽ ሊለይ ይችላል።

የመጀመሪያዎቹን አምስት ስትተኩስ ቀለሆቹን እንዳትጥላቸው። ቂጣቸውን ወደ ላይ አድርገህ በብርሃን ፎቶ አንሣና ላክልኝ፤ የባሩዱን ስም፣ የፕራይመሩን ዓይነትና የዕለቱን ሙቀት ጨምርበት።